«ነጌቲቭ» ስንል ምን ማለታችን ነው? ስለ ወባ፣ ስለ ውኃ በርሜልና ስለ ይፋት ቆላ
(በሸዋ ሮቢት ከተማ የተሰጠ ሕዝባዊ ገለጻ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርእስ ሰፊ ነው። በተፈጥሮ ሳይንስ፣ በምሕንድስናና በሕክምና በዩኒቨርሲቲዎችና በምርምር ተቋማት በቅርቡ ስለ ተሠሩ ሥራዎች እንድናገር ነው የጠየቁኝ። ሁሉን ልዘርዝር ብል አንዱንም ሳላስረዳ ይመሻል። ስለዚህ ሦስቱ ዘርፎች ሳይወዱ በግድ የተገናኙበትን፣ እናንተም እኔም በስሙ የምናውቀውን አንድ በሽታ ብቻ ይዤ መጥቻለሁ፤ ወባን።

ከራሴ ጥፋት ልጀምር። ከሁለት ዓመት በፊት በየካቲት ወር የእኅቴ ልጅ ከዚህ ከተማ ደወለልኝ። በሕንፃ ግንባታ የቀን ሥራ ይሠራ ነበር። ራሱን እንደሚያመው፣ እንደሚያንቀጠቅጠው፣ ማታ ማታ እንደሚያተኩሰው ነገረኝ። ወደ አንድ ክሊኒክ ሄዶ፣ ጣቱን ተወግቶ ተመርምሮ ኖሯል፤ ውጤቱ «ነጌቲቭ» ነው። «ጋሼ፣ ወባ ይሆን እንዴ?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም ሳላመነታ «ነጌቲቭ ካሉህ ወባ አይደለም፤ ደግሞስ በየካቲት ምን ወባ አለ? የሰጡህን የታይፎይድ መድኃኒት ጨርስ» አልሁት። በሦስተኛው ቀን ጓደኞቹ ደግፈው ጤና ጣቢያ አደረሱት። ደሙ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ፋልሲፓረም የሚባለው አደገኛው የወባ ተሕዋስ ሞልቶበታል። ልጁ ድኗል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ምክሩ ግን የእኔ ነበረ፤ ባይድን ኖሮ ለእኅቴ ምን ብዬ እንደምነግራት ዛሬም አላውቅም።

በዚያ ምክር ውስጥ ሁለት እምነቶች ነበሩ። አንደኛው፣ ነጌቲቭ ማለት ወባ የለም ማለት ነው የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ዝናብ ከቆመ ወባም ይቆማል የሚል ነው። ሁለቱንም እኔ ራሴ ተምሬ ለዓመታት ያስተማርኋቸው ናቸው። ዛሬ የምነግራችሁ እነዚህን ሁለት እምነቶች ስላናጉ ምርምሮች ነው።

በመመርመሪያው እንጀምር። በጤና ኬላ የምትሠሩ እኅቶች ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። ከጣት የተወሰደች የደም ጠብታ በአንዲት ትንሽ ፕላስቲክ ውስጥ በተቀመጠ ወረቀት ላይ ትንጠባጠባለች፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ መስመር ይወጣል ወይም አይወጣም። ወረቀቱ ላይ ቀለም የተሸከሙ ፀረ እንግዳ አካላት አሉ። እነዚህ የሚፈልጉት ተሕዋሱን ራሱን አይደለም፤ ተሕዋሱ ወደ ደም የሚለቀውን ፕሮቲን ነው። ለፋልሲፓረም በአፍሪካ በብዛት የተመረጠው ፕሮቲን ኤች.አር.ፒ.2 ይባላል። የተመረጠበትም ምክንያት አለው፤ ተሕዋሱ በብዛት ያመርተዋል፣ ሰውነቱም አንድ ዓይነት ቅርጽ የሚደጋገምበት ስለሆነ በቀላሉ ይያዛል። ሌባን በጫማው ዱካ እንደ ማወቅ ያለ ነው። ሌባው ጫማውን አውልቆ የመጣ ዕለት ግን ዱካ ፈላጊው ማንም አልገባም ብሎ ይመሰክራል።

ተሕዋሱ ጫማውን አውልቋል። ኤች.አር.ፒ.2ን የሚያሠራው ዘረመል፣ ብዙ ጊዜም ወንድሙ ኤች.አር.ፒ.3 ጭምር፣ ከአንዳንድ ተሕዋስያን ላይ ተቆርጦ ጠፍቷል። ያለ እነርሱም ይኖራሉ፣ ይራባሉ፣ ሰውን ያሳምማሉ። ነገሩ በመጀመሪያ የታየው ደቡብ አሜሪካ ውስጥ ፔሩ ነበር። ቀጥሎ በጎረቤታችን በኤርትራ በብዛት ተገኝቶ አገሪቱ መመርመሪያዋን እስከ መለወጥ ደርሳለች። በእኛ አገር ደግሞ ከኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትና ከውጭ ዩኒቨርሲቲዎች የተውጣጡ ተመራማሪዎች ከኤርትራ፣ ከሱዳንና ከደቡብ ሱዳን ጋር በምንዋሰንባቸው የአማራ፣ የትግራይና የጋምቤላ አካባቢዎች 12,572 ሰዎችን መርምረው ውጤቱን በ2021 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። በዚህ ዘረመል መጥፋት ብቻ መመርመሪያው ከመቶ የፋልሲፓረም ሕመምተኞች 9.7 ያህሉን እንደሚስት ገመቱ። የዓለም ጤና ድርጅት «ከመቶ 5 ካለፈ መመርመሪያችሁን ለውጡ» የሚል መመሪያ አለው፤ የእኛ ግምት የዚያ እጥፍ ገደማ ነው።

እዚህ ላይ ተማሪዎቼን ላስጠንቅቅ። ይፋት ከእነዚያ ድንበሮች ሩቅ ነው። 9.7 የሚለውን ቁጥር ነቅሎ ሸዋ ሮቢት ላይ መትከል የተመራማሪ ሥራ አይደለም። የእኅቴ ልጅ የያዘው ተሕዋስ ዘረመሉን ያጣ ነበር ልላችሁም አልችልም፤ በደሙ ውስጥ የነበረው ተሕዋስ በመጀመሪያው ቀን ጥቂት ሊሆን ይችላል፣ መመርመሪያው በሙቀት የተበላሸ ሊሆንም ይችላል። የእኔ ስሕተት ሌላ ነው። መመርመሪያው «የምፈልገውን ፕሮቲን አላገኘሁም» ሲል እኔ «ወባ የለም» ብዬ ተረጐምሁት።

ከቁጥሩ ይልቅ እኔን ያስጨነቀኝ ተመራማሪዎቹ ያቀረቡት የአመጣጥ ማብራሪያ ነው። ሁለት ሕመምተኞች አስቡ። አንደኛው የያዘው ተሕዋስ ፕሮቲኑን ያመርታል፤ መስመሩ ይወጣል፣ መድኃኒት ይሰጠዋል፣ ተሕዋሱ ይሞታል። ሁለተኛው የያዘው ተሕዋስ ዘረመሉ የለውም፤ መስመር አይወጣም፣ ሰውየው መድኃኒት ሳያገኝ ወደ ቤቱ ይመለሳል፣ ማታ ትንኝ ትነክሰዋለች፣ ተሕዋሱ ወደ ሌላ ሰው ይሻገራል። «መርምረህ አክም» የሚለው ትክክለኛ መርሐችን፣ ይህ ሁሉ በሚሊዮን ጊዜ ሲደጋገም፣ የሚታየውን ተሕዋስ እያረመ የማይታየውን የሚያለማ እርሻ ሆነ። የዳርዊን ትምህርት ከመጽሐፍ ወጥቶ ጤና ኬላችን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። መርሑ ስሕተት ነው አላልሁም፤ ሳይመረምሩ ለትኩሳት ሁሉ መድኃኒት ማደል የከፋ ነው። መሣሪያው ሲለወጥ መለወጥ ነበረበት ነው የምለው።

ስለ መድኃኒቱ አጠር አድርጌ ልናገር። ክሎሮኪን፣ ከዚያም ፋንሲዳር ፋልሲፓረምን ማሸነፍ ሲሳናቸው ኢትዮጵያ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሁላችሁም ኮአርተም ብላችሁ የምታውቁትን ጥምር መድኃኒት ተቀበለች። ከጥምሩ አንደኛው ከቻይና ዕፅ የተገኘው የአርቴሚሲኒን ወገን ነው፤ ፈጥኖ ይመታል። ሌላው ሉሜፋንትሪን ነው፤ ቀስ ብሎ የቀረውን ይጠርጋል። ቅድም ከጠቀስሁት ጥናት ናሙናዎች መካከል የ609 ሕመምተኞች ተሕዋስያን ዘረመል በጥልቀት ተነቦ በ2023 እ.ኤ.አ. ሲታተም፣ ከመቶ 8ቱ ኬልች 13 በሚባለው ዘረመል 622ኛ ቦታ ላይ ለአርቴሚሲኒን በከፊል መቋቋም ምልክት የሆነውን ለውጥ ይዘው ተገኙ። «በከፊል» የሚለውን ቃል አደራ አትርሱት። መድኃኒቱ ሞተ ማለት አይደለም፤ ተሕዋሱ ከደም የሚጠራበት ጊዜ ሊዘገይ፣ ሸክሙም በሁለተኛው መድኃኒት ላይ ሊወድቅ ይችላል ማለት ነው። ኮአርተሙን በሁለተኛው ቀን «ተሽሎኛል» ብሎ ማቆም ዛሬ ከትናንት ይበልጥ አደገኛ የሆነው ለዚህ ነው። ይህን ለውጥ ከያዙት ተሕዋስያን መካከል ከመቶ 8.2ቱ መመርመሪያውን የሚያሳስተውንም ጉድለት አጣምረው ይዘዋል። እንዲህ ያለው ተሕዋስ ለምርመራ አይታይም፤ ቢታይም መድኃኒቱን ይገዳደራል።

አሁን ወደ ሁለተኛው እምነቴ፣ «በበጋ ወባ የለም» ወዳልሁት ልሻገር።

እኔ ያደግሁት ከዚህ ቁልቁለት በላይ፣ መንዝ ውስጥ ነው። አባቴ እህል ለመሸመት ወደ ቆላ ሲወርድ አንድ የማይጥሰው ሥርዓት ነበረው፤ ቆላ ይውላል እንጂ ቆላ አያድርም። ንዳድ ከቆላው አየር ይመጣል ብሎ ያምን ነበር። ምክንያቱን ቢስትም ሥርዓቱ ልክ ነበር፤ የወባ ትንኝ የምትነክሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነውና። የወቅቱንም ነገር ያውቁት ነበር። ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ ለአጨዳ ወርደው የተመለሱ ጎልማሶች በጋቢ ተጠቅልለው ፀሐይ ሲሞቁ አይቻለሁ።

ይህ የወቅት ሥርዓት አኖፌለስ አራቢየንሲስ የምትባለው የአገራችን ዋነኛ የወባ አስተላላፊ ትንኝ ሥርዓት ነው። እርሷ ፀሐይ የሚያገኘው፣ ጥልቀት የሌለው የዝናብ ኩሬ ትወዳለች፤ የከብት ኮቴ የተከለው ጉድጓድ እንኳ ይበቃታል። በበጋ ሮቢና ጀውሃ ሲጎድሉ በአሸዋው ላይ የሚቀሩት ኩሬዎችና የመስኖ ቦዮቻችን ያቆዩአታል፤ ነገር ግን ቁጥሯ ይወርዳል። የአጎበሩም፣ የቤት ውስጥ ኬሚካል ርጭቱም የጊዜ ሰሌዳ የተቆረጠው በእርሷ ልክ ነው።

በ2016 እ.ኤ.አ. ከጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲና ከአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የተውጣጡ ተመራማሪዎች በሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር ትንኝ ሲሰበስቡ በመለያ መጽሐፋቸው ከሚያውቋት የማትስማማ አገኙ። ዘረመሏን ሲያነቡ አኖፌለስ ስቴፈንሲ ሆና ተገኘች፤ ከሕንድ እስከ ዐረቢያ ልሳነ ምድር የምትኖር የከተማ ትንኝ ናት። ግኝቱ በ2018 እ.ኤ.አ. ታተመ። አፍሪካ ውስጥ አስቀድማ የታየችው በ2012 እ.ኤ.አ. በጅቡቲ ነበር። ጅቡቲ በዚያ ዓመት ከ30 ያነሱ የወባ ሕመምተኞች ብቻ ነበሯት፤ በ2020 እ.ኤ.አ. ከ73,000 በላይ ሆኑ። የትንኟ ብቻ ሥራ ነው ባይባልም፣ ወባን ልታጠፋ ተቃርባ የነበረች አገር እንዲህ ስትመለስ ማየት ያስደነግጣል። ከዚያ በኋላ በእኛ አገር በተደረገው አሰሳ በድሬዳዋ፣ በሰመራ፣ በአዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ከእኛ ብዙ በማትርቀው በባቲም ተገኘች።

ይህች ትንኝ ኩሬ አትጠብቅም። የምትፈልገው ሰው ያጠራቀመውን ንጹሕ ውኃ ነው፤ በርሜል፣ ክዳን የሌለው ሮቶ፣ ለግንባታ ተቆፍሮ በላስቲክ የተነጠፈ የውኃ ጉድጓድ፣ የተጣለ ጎማ። ውኃ የሚጠራቀመው ደግሞ ዝናብ ሲዘንብ ሳይሆን ቧንቧው ሲቋረጥ ነው። ለአራቢየንሲስ የችግር ወቅት የሆነው በጋ ለስቴፈንሲ የድግስ ወቅት ሊሆን ይችላል። ብዙዎቹን የርጭት ኬሚካሎችም ትቋቋማለች። የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው እጮቿን ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ሰብስበው፣ አሳድገው የሕመምተኞችን ደም ሲመግቧት የአገራችንን ቫይቫክስም ፋልሲፓረምም ተቀብላ አሳድጋለች። እንግዳዋ የእኛን በሽታ ትሸከም ይሆን ለሚለው ጥያቄ መልሱ አዎን ሆነ።

ሁሉም ነገር አንድ ላይ የታየው በድሬዳዋ ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ ወራት፣ በደረቁ ወቅት፣ ከተማዪቱ በወባ ወረርሽኝ ተመታች። ተመራማሪዎቹ ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ ባለው ጊዜ የወባ ሕመምተኞችንና በሌላ ምክንያት ያተኮሳቸውን ሰዎች ተከትለው ወደየቤታቸው ሄዱ፤ አብሯቸው የሚኖረውን ሰው መረመሩ፣ ውኃቸውን ፈተሹ፣ ትንኞቻቸውን ያዙ። የፋልሲፓረም ተሸካሚዎች በወባ ሕመምተኞች ዙሪያ ተሰብስበው ተገኙ፤ ይህም ስቴፈንሲ በቤቱ አካባቢ ከመኖሯ ጋር በጥብቅ ተያይዞ ታየ። በትንኞቹ ውስጥ ወደ ሰው ለመተላለፍ የተዘጋጀው ተሕዋስ ተገኘ። የተሕዋሱ ዘረመል ሲነበብ ደግሞ ቅድም የነገርኋችሁ ሁለቱም ምልክቶች፣ መመርመሪያን የማሳሳትም መድኃኒትን በከፊል የመቋቋምም፣ እዚያው ነበሩ። ሐኪሙ፣ የዘረመል ተመራማሪው፣ የነፍሳት ባለሙያው ለየብቻ ሲከታተሉት የነበረው ነገር በአንድ ከተማ በርሜል ዙሪያ ተገናኘ።

ስለ ሸዋ ሮቢት ደግሞ የምታውቁትን ልቁጠርላችሁ። ከተማችን ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ መንገድ ላይ ናት። ከባድ መኪናው ያድርባታል፤ ትንኝም ዕንቁላሏም በመኪና ላይ ባለ ጎማና ዕቃ እንደሚጓዙ የታወቀ ነው። ለማሾና ለሽንኩርት ሥራ ከደጋ የሚወርደው ሰው ወባን የመቋቋም አቅም ያልለመደ ነው። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ጦርነቱ እስከዚች ከተማ ደርሶ የሆነውን እኔ አልነግራችሁም፣ እናንተ ታውቁታላችሁ። በአገር ደረጃ ደግሞ በ2019 እ.ኤ.አ. 900,000 ገደማ የነበረው የወባ ሕመምተኛ በ2024 እ.ኤ.አ. በአሥር ወር እንኳ ሳይሞላ ከ7.3 ሚሊዮን አልፏል። ለዚህ ጦርነቱ፣ መፈናቀሉ፣ የአየር ንብረቱም ድርሻ አላቸው፤ በአንድ ትንኝ ላይ ሁሉን መጫን አይገባም።

ስለዚህ ዛሬ ከሐኪሞች ይልቅ ለውኃና ለግንባታ መሐንዲሶች መናገር እፈልጋለሁ። በእኛ ትምህርት ቤቶች ወባ የሕክምና ጉዳይ ነው፤ የውኃ ምሕንድስና ተማሪ ስለ ትንኝ አንድ ሰዓት እንኳ ሳይማር ይመረቃል። ነገር ግን ውኃው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ የሚመጣ ከሆነ እያንዳንዱ ቤት በርሜል ይሞላል፤ በርሜሉን የሞላው የሰውየው ስንፍና ሳይሆን የመሥመሩ ንድፍ ነው። የሮቶ ክዳንና ጥቅጥቅ ያለ የወንፊት መረብ ርካሽ ነው። በሕንድ አገር ሙምባይ የውኃ ጋኖች ትንኝ እንዳታልፍባቸው ተከድነው እንዲሠሩ በሕግ ማስገደድ ከጀመረች አንድ መቶ ዓመት ገደማ ሆኗታል፤ ያስገደደቻትም ይህችው ስቴፈንሲ ናት። እኛ ለሕንፃ ፈቃድ ስንሰጥ የብረቱን ውፍረት እንጠይቃለን፤ ሠራተኞቹ ከሚያድሩበት ዳስ አጠገብ ያለው የውኃ ጉድጓድ በስንት ቀን እንደሚደርቅ የሚጠይቅ አላየሁም። ከዕንቁላል እስከ ክንፍ ያለው ዕድገት ሳምንት ወይም ከዚያ ትንሽ በላይ ይፈጃል፤ በየሳምንቱ ውኃውን አፍስሶ ዳርና ዳሩን መፈግፈግ ዑደቱን ይሰብረዋል። የደንጊ ትኩሳትን የምታስተላልፈውም ትንኝ በዚያው በርሜል የምትራባ ስለሆነች አንዱ ክዳን ሁለት በሽታ ይከለክላል።

ከእኛ በላይ ስላሉት አንድ ነገር ጨምሬ ልጨርስ። በ1958 እ.ኤ.አ. ወባ ከቆላ ወጥታ ወባን ወደማያውቁ ከፍተኛ ቦታዎች ደርሳ ነበር፤ ሦስት ሚሊዮን ሰው ታሞ 150,000 ሰው እንደ ሞተ ተገምቷል። የደብረ ዘይት አካባቢን መዝገቦች የመረመሩ ተመራማሪዎች በ2014 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ ዓመቱ ሲሞቅ በሽታው ወደ ላይ ይወጣል። የእኛ ቁልቁለት ደግሞ አጭር ነው። ጧት ደብረ ሲና ጋቢ ለብሶ የተነሣ ሰው ለምሳ እዚህ ላብ ያጠልቀዋል፤ በሽታው የሚወጣው መንገድም ያንኑ ያህል አጭር ነው። የአባቴ ሥርዓት ቆላና ደጋ ድንበራቸውን እስከ ጠበቁ ድረስ ብቻ ይሠራል።

ስቴፈንሲ በከተማችን በርሜሎች ውስጥ አለች ወይስ የለችም የሚለው በክርክር የሚፈታ አይደለም፤ በጭልፋ የሚፈታ ነው። ተማሪዎች ከቅዳሜ ጀምሮ ጥንድ ጥንድ ሆናችሁ በየቀበሌው ትወጣላችሁ። ነጭ ጭልፋ፣ ጠብታ መሳቢያ፣ ጠርሙስና ማስታወሻ ደብተር ያዙ። ባለቤቱን ሳታስፈቅዱ በርሜል አትክፈቱ። ከውኃው ፊት ጋር ትይዩ ሆኖ ጋደም ያለው እጭ የአኖፌለስ ነው፤ ጭራውን ወደ ላይ አድርጎ ዘቅዝቆ የተንጠለጠለው የሌላ ትንኝ ነው፤ ሁለቱንም ውሰዱ። ከእጩ ተነሥታችሁ ስቴፈንሲ ናት ብላችሁ አታውጁ፤ በቤተ ሙከራ አድጋ፣ ዘረመሏም ተነቦ ነው ስም የምንሰጣት። ባዶ የሆነውንም በርሜል መዝግቡ፤ የጠፋ እጭም ውጤት ነው።

የጤና ባለሙያዎች፣ የእናንተ ድርሻ ደግሞ ትኩሳቱ የማይለቀውን ሰው፣ ወሩ የካቲትም ቢሆን፣ መመርመሪያው ነጌቲቭ ቢልም፣ ወደ ማይክሮስኮፕ መላክ ነው። በማይክሮስኮፕ ተገኝቶ በመመርመሪያው ያልታየ ሲያጋጥማችሁ የደሙን ጠብታ በማጣሪያ ወረቀት ላይ አድርቃችሁ አስቀምጡልን፤ የዘረመሉን ንባብ የምንጀምረው ከዚያች ወረቀት ነው።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ። ከኋላ እጃቸውን ካነሡት እናት እንጀምር።